የአጸድ ዛፍ ተቆርጦ በአንዱ አሥር ችግኝ ቢተከል ይተካል?

የቀሃው አናጢ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ጎንደር ነው። አናጢ ነኝ፤ በር፣ መስኮት፣ ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ልጆቼን የማሳድገው እንጨት እየቆረጥኩ ነው። ስለዚህ ዛፍ ጨርሶ አይነካ የምል ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር።

የደብራችን ሰበካ ጉባኤ አዳራሽ ሊሠራ አስቧል። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ አዳራሹም ያስፈልጋል። ችግሩ ቦታው ነው። አጸዱ ውስጥ፣ በስተምሥራቅ በኩል ይሁን ተባለ። እዚያ የቆሙ 11 ዛፎች አሉ። 7ቱ የሐበሻ ጥድ፣ 3ቱ ወይራ፣ አንዱ ዋንዛ። ስንት ጣውላና ስንት ሞራሌ እንደሚወጣቸው እንድገምት የተጠራሁት እኔ ነኝ። "ለአንድ ዛፍ አሥር ችግኝ እንተክላለን፣ እንዲያውም እናተርፋለን" አሉኝ። 110 ችግኝ ማለት ነው። ችግኙም ተገኝቷል፤ የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ።

ባለፈው ቅዳሜ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ጥድ ወገቡን ስጠመጥመው 3 ሜትር ከ40 መጣ። ሜትሩን የያዘልኝ ቆሎ ተማሪ ከግንዱ ማዶ ስለነበር አይታየኝም፤ ያየሁት ዞሮ የመጣ እጁን ብቻ ነው። ዋንዛው ከራሴ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀዳዳ አለው። ጆሮዬን ግንዱ ላይ ስለጥፍ ውስጡ ያጉረመርማል። ንብ ነው። ልጁን ጠየቅኩት። "እኛ ስንመጣም ነበሩ፣ ከኛ በፊት የነበሩትም ነበሩ ይላሉ" አለኝ።

ሌላው አፈሩ ነው። ጥር ስለሆነ ከቅጥሩ ውጭ ያለው መሬት እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። በሩን አልፈህ አሥር እርምጃ ስትገባ ጫማህ ይሰምጣል። በእጄ ዘገንኩት። ጥቁር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። ስፈረፍረው ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር እርስ በርሱ አያይዞታል። ይህን ሁሉ ዓመት እንጨት ስነካ ስኖር የቆመበትን አፈር ነክቼ አላውቅም ነበር።

ልኬቱን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እስካሁን ግን አላስረከብኩም። እጄ እንቢ አለኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ያረጀ ዛፍና ችግኝ በቁጥር ይመዛዘናል? የሚያውቅ ሰው ካለ የሚጨበጥ ነገር ይንገረኝ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ "ያሳዝናል" ብቻ ብል የሚሰማኝ የለም።


የጉና ልጅ፦

ሰላም ወንድሜ። ያለሁት ደብረ ታቦር ነው። የደን ባለሙያ ነኝ፤ ብዙ ዓመት የሠራሁት ችግኝ ጣቢያ ነው። ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ደግሞም ፈራሁ።

ከችግኙ ልነሳ። እኛ የወይራ፣ የዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ ዘር ስንፈልግ የት የምንሄድ ይመስልሃል? ቤተ ክርስቲያን ነው። ጆንያ ይዘን፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅደን፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር እንለቅማለን። እናት ዛፍ የምንላቸው እነሱን ነው። በእኛ አካባቢ ከአጸድ ውጭ እናት ዛፍ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። እርሻና ግጦሽ ሌላውን በልቶታል። ከአውሮፕላን ብታየው ቡናማ ማሳ መሃል ጣል ጣል ያሉ አረንጓዴ ክቦች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ክብ መሃል የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው የሚያስበው "ዛፉ ቢቆረጥም ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፣ ክረምት ሲገባ ይበቅላል" ብሎ ነው። የአረምና የሣር ዘር እንደዚያ ነው፤ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የአብዛኞቹ የደን ዛፎች ዘር ግን አይጠብቅም። ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ አይጥና ነፍሳት ይበሉታል። በኛው አካባቢ የአጸድ አፈር ተቆፍሮ ተጠንቷል፤ በብዛት የተገኘው የቅጠላ ቅጠልና የሣር ዘር ነው። ስለዚህ የደኑ ጎተራ አፈሩ አይደለም። ጎተራው የቆመው ዛፍ ራሱ ነው። እሱ ከሄደ ዘሩም አብሮ ሄደ።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ ነበር። ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተደምሮ 168 ዝርያ ተመዝግቧል። አብዛኛው አገር በቀል ነው። ያንተ ኮሚቴ የሚተክለው ሁለት ዝርያ ነው፤ የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ፣ ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ። ለጥላም ለማገዶም መጥፎ አይደሉም። ግን 110 ቢሆኑም 1,100 ቢሆኑም ሁለት ዝርያ ሁለት ነው።

አንድ ነገር ልለምንህ። የሐበሻ ጥድ ወንድና ሴት አለው። እንደ ሰው ነው፤ ወንዱ ዛፍ ብናኝ ይሰጣል፣ ዘር የምታፈራዋ ሴቷ ናት። ተመለስና ሰባቱን ቀና ብለህ እይ። ቅርንጫፋቸው ላይ ሽምብራ የምታክል፣ ሰማያዊ መሰል፣ ዱቄት የተነፋባት የምትመስል ፍሬ ካየህ ሴት ናት። ስንቶቹ ሴት እንደሆኑ ቁጠር። ከዚያ በቀሪው አጸድ ስንት ሴት እንደምትቀር ቁጠር። ይህን ለኮሚቴው ውሰድላቸው።


ፒያሳ ነኝ፦

ባህር ዛፍስ ደን አይደለም እንዴ? በአምስት በስድስት ዓመት ይደርሳል። እሱን ዙሪያውን ብትተክሉ አጸዱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀጥላል።


የቀሃው አናጢ፦

ባህር ዛፍ ለኔ እንጀራዬ ነው ወንድሜ። መወጣጫው፣ ቋሚው፣ ማገሩ ሁሉ እሱ ነው። ባይኖር ኖሮ ይህን ጊዜ የቀረውን ወይራና ጥድ ጨርሰነው ነበር፤ ውለታውን አልክድም። ግን ሥሩ ሂድና ቁም። ደረቅ ቅጠል ነው ያለው። የኛ ደብር በስተምዕራብ ትንሽ ባህር ዛፍ አለው። ቅዳሜ ሁለቱንም ጎን አየሁ። በምሥራቁ በኩል አጋም አለ፣ ሐረግ አለ፣ የማላውቀው ቅጠል ሞልቷል። በምዕራቡ በኩል ስሙን ልጠራልህ የምችለው ሁለተኛ ተክል አልነበረም።


ባለ አዘዞው፦

ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በልጅነቴም ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ሁላችሁም የምትሉት መልካም ነው። ግን የሰበካውንም ችግር የሚናገር ይኑር።

ጎጆ ውስጥ ክረምት ያሳለፈ ያውቀዋል። ደበሎህ ርሶ፣ የለመንከው ቁራሽ ርሶ፣ ጭሱ ዓይንህን እያቃጠለው ነው ቀለም የምትቆጥረው። ዛሬም ያሉት ልጆች እንደዚያው ናቸው። አዳራሽ ቢሠራ ከላይ ጉባኤ ይካሄድበታል፣ ከጎኑ ኪራይ ይገኛል፣ በኪራዩ ልጆቹ ይበላሉ። ይህን ያሰበ ሰው አይነቀፍም። ደግሞ አባቶቻችን ጥድና ወይራ ቆርጠው ነው ቤተ መቅደስ የሠሩት። ወጋግራው፣ በሩ፣ መቋሚያው ከየት መጣ? ከአጸዱ ነው።

ነገር ግን እነሱ የሚቆርጡት አንድ ነበር። አንዱ ሲወድቅ ዙሪያው ያሉት ቦታውን ይዘጉታል። አሁን 11 በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጎን ነው የተባለው። ይህን እኔም አልወደድኩትም። በዚያ በኩል ነፋስ ይገባል፣ ፀሐይ ይገባል፣ ከብት ይገባል።

ስለ ንቡ ያልከው ልቤን ነካው። ደርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳናት የንብ መንጋ ነው ብለው አባቶች ነግረውናል። ልጅ ሆነን በዚያ ቅጥር ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር፤ ንቦቹን እንዳናስቆጣ።

እኔ የምመክርህ፣ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ካለ እሱን አስነሡ፤ ሕያው የሆነውን ተዉት። የደረቀው ለማንም አይጠቅምም።


የጉና ልጅ፦

አባቴ፣ ስለ አንድና ስለ 11 የተናገሩት እኛ ስንማር ብዙ ገጽ ያነበብንበት ነገር ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስለ ደረቁ ዛፍ ግን ይፍቀዱልኝና ትንሽ ልጨምር። ግንደ ቆርቁር ጎጆዋን የምትፈለፍለው በደረቀ ወይም በበሰበሰ ግንድ ነው። ሕያው ጥድ ጠንካራ ስለሆነ ላትመርጠው ትችላለች፤ የላላውን ግን ትወደዋለች። እሷ ትታው ስትሄድ ሌላ ወፍ ይገባበታል፣ ከዚያ የሌሊት ወፍ፣ ከዚያ ንብ። የወደቀውን ደግሞ ጥንዚዛና እንጉዳይ ይበሉታል፤ ያ ጥቁር አፈር የሚመጣው ከዚያ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ሲቆጠር ከደን ፍጥረታት ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህሉ ኑሮአቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ ሆኖ ተገኝቷል። የኛ ደን ሌላ ነው፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ችግኝ የሌለው ነገር ይህ ነው። ችግኝ ቀዳዳ የለውም፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ የለውም፣ የበሰበሰ ልብ የለውም። ዛፍ እነዚህን የሚያገኘው በማርጀት ብቻ ነው። አሥሩንም ችግኝ ብትደምራቸው አንዲት ጉጉት የምትገባበት ስንጥቅ አይወጣቸውም።

ስለ ከብቱ ያሉትም እውነት ነው። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር አጸዶች ዙሪያ የድንጋይ ካብ አሠርተዋል። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ለእርሻው መሰናክል የነበረው ለደኑ አጥር ሆነ። ከብት ባልገባበት ቦታ ቡቃያው ይበቅላል፣ ይተርፋል፣ ያድጋልም። ይህ በጥናት ተረጋግጧል፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ከአዲስ ዘመን አለፍ ብሎ ወደ ጣራ ገዳም የወጣ ሰው ሙሉ ደን ምን እንደሚመስል ያውቃል።


የደባርቋ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። የተወለድኩት ደባርቅ ነው፤ ቤተሰቦቼ ወደ ስሜን ተራሮች ቱሪስት ይዘው ይወጣሉ፤ በቅሎ ያከራያሉ።

ሁለት ነገር ልበል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ተቃጥሎ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስ ሰዉ በቅጠልና በአፈር ነው የታገለው። አጎቴ ከወጡት አንዱ ነበር። ሲመለስ ልብሱ ለሳምንት ጭስ ጭስ ይል ነበር። ያቃጠለው ሣሩንና አስታ የምንለውን የደጋ ዛፍ ነው። ሣሩ በቀጣዩ ክረምት ወጣ። አስታውም ከሥሩ አቆጠቆጠ። ግን ያ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው ሽበት፣ ጠዋት ጉሙን ይዞ ጠብ ጠብ የሚያደርገው፣ እሱ የለም። አዲሱ አስታ ልጅ ነው፤ ጢም የለውም። ድሮ ከሥሩ ስናልፍ ሳይዘንብ ነጠላችን ይርስ ነበር። አሁን በዚያ ቦታ አይርስም። የወንዙ ውኃ ከየት እንደሚጀምር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው የሰዉ ነገር ነው። ስሜን በእ.ኤ.አ. 1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተመዘገበ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያ በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም፤ ስለዚህ መጠበቁ ግድ ነው። ነገር ግን ለመውጣቱ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች ከመንደራቸው መነሳት ነበር። አሁን የሚኖሩት እኛ ከተማ ነው። በቆርቆሮ ቤት የተቀመጡ፣ በጎች የነበሯቸው ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ቡና ስጠጣ "ዋልያው ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኛስ?" ይላሉ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ኮሚቴው ፊት ስትቆም ስለ ዛፉ ብቻ አትናገር። አባታችን ያነሷቸው ልጆች ምን እንደሚበሉ አስበህ ግባ። ዛፉ እንዲቆም የሚከፍለው ሁሌ ድሃው ብቻ ከሆነ ዛፉም አይቆምም።


የቀሃው አናጢ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ረቡዕ ከሥራ በፊት ሄድኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እህቴ ከደብረ ታቦር እንዳለችው ሰባቱን ጥዶች አንድ በአንድ አየሁ። አንገቴን እስኪያመኝ ቀና ብዬ ነው። አምስቱ ፍሬ አላቸው። ሰማያዊ ናት፣ በጣት ስትጠርጊያት ዱቄቷ ይለቃል፣ ስትጨፈለቅ ቁም ሳጥን ስከፍት የሚሸተኝ ሽታ አላት። ከዚያ ከቆሎ ተማሪዎቹ ጋር ሆነን አጸዱን ሁሉ ዞርን። ሌላ ትልልቅ ጥድ አለ፤ ፍሬ ያገኘንባቸው ግን ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷ መብረቅ መትቷት ግማሽ ጎኗ ደርቋል። እንግዲህ እነዚህ 11 ሲነሱ ከሰባት ሴት ጥድ አምስቱ ይሄዳሉ ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ከልጆቹ ትልቁ ዝም ብሎ ቆየና "ታዲያ ዘር የለንም በለኛ" አለኝ።

ከወይራዎቹ ሥር ቡቃያ ፈለግን። ብዙ አለ፣ ግን ሁሉም ከጉልበት በታች ነው። ጫፉ ተበልቷል። ከሰሜን በኩል ካቡ ፈርሷል፤ በዚያ ነው ከብት የሚገባው።

ሐሙስ ማታ ስብሰባው ነበር። ደብተሬን አወጣሁ። ጣውላውን አስቀድሜ ተናገርኩ፤ ደብቄ የያዝኩ እንዳይመስላቸው። ቀጥዬ አምስቱንና ሁለቱን ነገርኳቸው። ስለ ዋንዛው ንብ ነገርኳቸው። ከዚያ ቤት ሆኜ የሣልኩትን ወረቀት ዘረጋሁ። አዳራሹን ወደ ምዕራብ፣ ባህር ዛፉ ወዳለበት ብናዞረው መሬቱ ትንሽ ተዳፋት ስለሆነ መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ይላል፤ ወጪው ይጨምራል። ግን ባህር ዛፉ ራሱ ለመወጣጫና ለጣሪያው ማገር ይሆናል፤ ያንን አንገዛም። ለመንገዱም ይቀርባል፤ ሱቅ ቢከራይ ሰው የሚያየው በዚያ በኩል ነው። የበሩንና የመስኮቱን የእጅ ዋጋ እኔ አልቀበልም አልኩ። ከደባርቅ የተነገረኝን ይዤ፣ የመጀመሪያው የሱቅ ኪራይ ለልጆቹ ምግብ ይሁን የሚል ሐሳብም አቀረብኩ።

አንድ ሰው ተቆጣ። "ችግኙ ተገዝቷል፣ ምን ልናደርገው ነው?" አለ። ቄሰ ገበዙ፣ በጣም የማከብራቸው ሰው፣ "ችግኙን ከቅጥሩ ውጭ፣ ወደ ወንዙ መውረጃ እንትከለው፤ እዚያ ባዶ ነው" አሉ። ሌላው ሁሉ ዝም አለ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠረ። ዛፎቹ ላይ የተቀባው ቀይ ቀለም እስካሁን አለ።

አባቴ ከአዘዞ፣ የፈረሰውን ካብ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልንክበው ነው፤ ድንጋዩ እዚያው ወድቋል። ሊባርኩን ቢመጡ ደስ ይለናል።

እህቴ የጉና ልጅ፣ አንድ ጥያቄ። ልጆቹ ከወይራው ሥር ፍሬ ለቅመው አንድ ጣሳ ሞልተዋል። እንዴት ነው የሚበቅለው? ባለፈው ዓመት አንዱ ዘርቶት አልወጣለትም።


የጉና ልጅ፦

ሥጋውን አጥባችሁ አውጡለት። ውስጡ ያለው ድንጋይ መሰል ቅርፊት ነው የሚያስቸግረው። በዱር ወፍ ትበላውና በሆዷ አልፎ ሲወጣ ይቀለዋል። እናንተ በጥንቃቄ ስበሩት፤ መዶሻ አይደለም፣ አንተ ጉጠት ይኖርሃል፤ በእሱ ጫን አድርገህ ቅርፊቱ ጠቅ ሲል አቁም። ውስጧ ያለችው ፍሬ እንዳትደቅ። ከዚያ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ከዛፉ ሥር ከዘገንከው አፈር ቀላቅላችሁ ጥላ ላይ ዝሩት። ያንን ጥቁር አፈር አምጣ፤ ሥሩ ይወደዋል።


የቀሃው አናጢ፦

ጉጠት አለኝ። ነገ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ፤ ለምዕራቡ ጎን ሜትሬንም።